ፎርማት ከማስደረጋችሁ በፊት፦ ስለ ሊኑክስ ዴስክቶፕ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ኡቡንቱ ወይም ሚንት የሚባሉትን የሊኑክስ ዓይነቶች ላፕቶፓቸው ላይ ጭነው ለሚጠቀሙ ሰዎች የተጻፈ ነው። ዴቢያን የምትጠቀሙም አብዛኛው ይሠራላችኋል። ፌዶራና አርች ላይ ያላችሁ ግን መጫኛ ትእዛዞቻችሁ ስለሚለዩ ሐሳቡን ብቻ ውሰዱ። ትእዛዞቹን እንደሚነበቡ አድርጌ በፊደላችን ጽፌአቸዋለሁ። ተርሚናል በሚባለው የትእዛዝ መጻፊያ መስኮት ላይ የሚጻፉት በላቲን ፊደል ነው፤ ትልቁ ፊደል ካልኩ በቀር ሁሌም በትንሹ።

ላፕቶፔ አልነሳ አለ። ፎርማት ላስደርገው?

አታስደርጉት። ቢያንስ ዛሬ አታስደርጉት።

እኛ ጋ ኮምፒውተር ትንሽ ካስቸገረ መፍትሔው የታወቀ ነው። ጥገና ቤት ይወሰዳል፣ ፎርማት ይደረጋል፣ ፋይሉ ከተረፈ ተመስገን ይባላል። ቫይረስ በወረረው ዊንዶውስ ላይ ይህ አንዳንዴ ያስኬዳል። ሊኑክስ ላይ ግን የሚበላሸው ብዙውን ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ነው። ወይ ዲስኩ ሞልቷል፣ ወይ አዲሱ ከርነል (ሃርድዌሩን የሚያዝዘው የሊኑክስ እምብርት) ከቪዲዮ ካርዱ ጋር አልተስማማም፣ ወይ መብራት ሲጠፋ ፋይሎች የሚቀመጡበት ሥርዓት ተጎድቷል። ሦስቱም ያለ ፎርማት ይስተካከላሉ። ፎርማት ካደረጋችሁ ደግሞ ችግሩ ምን እንደነበር ሳታውቁ ትቀራላችሁ፤ በወሩ ተመልሶ ይመጣል። ማሻሻያውን ሁሉ እንደ አዲስ ለማውረድ የሚያልቀውን ዳታ አስቡት።

መጀመሪያ የቆየውን ከርነል ሞክሩ። ማሽኑ ሲበራ ኢስኬፕን ነካ ነካ አድርጉ፤ አሮጌ ማሽን ከሆነ ሺፍትን ተጭናችሁ ያዙ። ግራብ የሚባለው ምርጫ ይመጣል። "አድቫንስድ ኦፕሽንስ" ውስጥ ግቡና ቁጥሩ አነስ ያለውን ከርነል ምረጡ። በዚያ ከተነሳ ጥፋቱ የአዲሱ ከርነል ነው። ቀጣዩ ማሻሻያ እስኪመጣ በቆየው እየገባችሁ ሥራችሁን መሥራት ትችላላችሁ።

ሚንት ላይ ታይምሺፍትን አስቀድማችሁ ካበራችሁት ሥርዓቱን ወደ ትናንት ወይም ወደ ባለፈው ሳምንት መመለስ ይቻላል። ታይምሺፍት ካልነገራችሁት በቀር የግል ፋይሎቻችሁን አይነካም። ስለዚህ ፎቶና የመመረቂያ ጽሑፍም አያስቀምጥላችሁም፤ ባክአፕ ነው ብላችሁ እንዳትተማመኑበት።

ይህም ካልሆነ ሊኑክስ የጫናችሁበትን ፍላሽ ሰኩና ሳትጭኑ በሙከራ ግቡ። ፋይላችሁን ከዚያ ሆናችሁ ወደ ሌላ ዲስክ ኮፒ ማድረግ ትችላላችሁ። ዲስኩ የተመሰጠረ ከሆነ ፓስወርዱን ይጠይቃችኋል። ፋይሉ ከወጣ በኋላ ፎርማት ማድረግ አለማድረጉ የራሳችሁ ጉዳይ ነው።

መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ጥቁር ገጽ ላይ "ኢኒትራምኤፍኤስ" የሚል ጽሑፍ ብቻ ይታየኛል።

በጣም የተለመደ ነው። በተለይ ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ቀጥታ ከሶኬት ለሚጠቀሙ። ኤክስት4 የሚባለው የፋይል ሥርዓት ሊጽፍ ያሰበውን አስቀድሞ መዝገብ ላይ ስለሚይዝ ድንገተኛ መጥፋትን አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ይወጣዋል። አንዳንዴ ግን ራሴ አልወስንም ብሎ ይቆማል። እናንተን እየጠበቀ ነው።

ከጽሑፉ ከፍ ብላችሁ አንብቡ። የትኛው የዲስኩ ክፍል እንደተጎዳ በስሙ ይነግራችኋል፤ "ዴቭ" ብሎ ጀምሮ ለምሳሌ "ኤስዲኤ2" ይላል። "ኤፍኤስሲኬ" ብላችሁ ጻፉ፣ ክፍት ቦታ፣ ሰረዝና "ዋይ"፣ ክፍት ቦታ፣ ከዚያ የክፍሉን ስም እዚያው እንደተጻፈው ሙሉውን። ሰረዝና ዋይ ማለት "ለምትጠይቀኝ ሁሉ አዎ" ማለት ነው። ሲጨርስ "ኤግዚት" በሉት፤ ይነሳል። ባለቤታቸው ያልታወቀ ቁርጥራጭ ፋይሎች ካሉ "ሎስት ኤንድ ፋውንድ" የሚባል ፎልደር ውስጥ ታገኟቸዋላችሁ።

መብራት ሳይጠፋም ይህ ከተደጋገመ ዲስኩን ጠርጥሩ። "ዲስክስ" የሚባለውን ፕሮግራም ክፈቱና ስማርት የሚለውን፣ ዲስኩ ስለ ራሱ ጤና የሚሰጠውን መረጃ፣ ተመልከቱ። ሥፍራቸው የተቀየረ ሴክተሮች ቁጥር እየጨመረ ከሆነ ዲስኩ መሄጃው ደርሷል። ያን ቀን ፋይሉን አውጡ፤ ነገ አትበሉ።

ፓስወርዴ ትክክል ነው፤ ግን ገብቶ ወዲያው ያስወጣኛል።

አንደኛው ጥርጣሬ የዲስክ መሙላት ነው። ኮንትሮል፣ አልትና ኤፍ3ን አብራችሁ ተጫኑ። የጽሑፍ ገጽ ይመጣል፤ በስማችሁና በፓስወርዳችሁ ግቡ። ፓስወርዱ ሲጻፍ አይታይም፣ ኪቦርዱ ደህና ነው። "ዲኤፍ"፣ ክፍት ቦታ፣ ሰረዝና "ኤች" ብላችሁ ጻፉ። በእዝባር (/) ብቻ የተመለከተው መስመር 100 በመቶ ካለ አገኛችሁት። "ሱዶ አፕት ክሊን" የወረዱ ጥቅሎችን፣ ማለትም የሶፍትዌር መጫኛ ፋይሎችን፣ ያጠፋል፤ ሱዶ ትእዛዙን በአስተዳዳሪ ሥልጣን ያስኬዳል፣ አፕት ደግሞ ሶፍትዌር የሚጭነው ነው። ዋናው በላተኛ ግን ብዙ ጊዜ ታይምሺፍት ነው። "ሱዶ ታይምሺፍት" ብላችሁ ሁለት ሰረዝና "ዲሊት" ጨምሩበት፤ የትኛውን አሮጌ ቅጂ እንደሚያጠፋ ይጠይቃችኋል።

ዲስኩ ካልሞላ፣ ሆም ፎልደራችሁ ውስጥ በነጥብ የሚጀምር "ኤክስኦቶሪቲ" (ኤክሱ በትልቁ ፊደል) የሚባል ፋይል ፈልጉ። መስኮት ያለውን ፕሮግራም በሱዶ ስትከፍቱ ይህ ፋይል የሩት (የአስተዳዳሪው) ንብረት ሆኖ ቀርቶ መግቢያውን ሊዘጋባችሁ ይችላል። በሱዶ ስሙን ቀይሩት፤ ሥርዓቱ ለራሱ አዲስ ይሠራል። ወደ መግቢያው ገጽ የሚመልሳችሁ ኡቡንቱ ላይ ኤፍ1፣ ሚንት ላይ ኤፍ7 ነው፤ ያው ከኮንትሮልና ከአልት ጋር።

ዊንዶውስና ሊኑክስ አብረው አሉኝ። ከአንዱ ወደ ሌላው በገባሁ ቁጥር ሰዓቱ በ3 ሰዓት ይዛባል።

ለምን ልክ 3? ኢትዮጵያ ከዓለም አቀፉ የሰዓት መለኪያ በ3 ሰዓት ስለምትቀድም ነው። ዊንዶውስ ማዘርቦርዱ ላይ ያለውን ሰዓት እንደ አካባቢ ሰዓት ያነበዋል። ሊኑክስ ዓለም አቀፍ ነው ብሎ ያነብና 3 ይጨምርበታል። ስለዚህ ሊኑክስ ወደፊት፣ ዊንዶውስ ወደኋላ ይሄዳሉ። ዋሽንግተን ያለ ሰው እንደ ወቅቱ 4 ወይም 5 ሰዓት ይዛባበታል፣ አቅጣጫውም የተገላቢጦሽ ነው።

"ታይምዴትሲቲኤል" ብላችሁ፣ ክፍት ቦታ፣ "ሴት ሰረዝ ሎካል ሰረዝ አርቲሲ"፣ ክፍት ቦታ፣ 1። በዚህ ሊኑክስ የዊንዶውስን ልማድ ይከተላል። አገር ቤት በበጋና በክረምት ሰዓት ስለማይቀየር ይህ ችግር አያመጣም። አውሮፓና አሜሪካ ላላችሁ ግን ዊንዶውሱን ወደ ዓለም አቀፍ ሰዓት መቀየር ይሻላል፤ አለዚያ ሰዓት በሚቀየርበት ሳምንት ሁለቱም ሊቀይሩት ይራኮታሉ።

ሰዓቱ በ3 ሰዓት ሳይሆን በዓመታት ወደኋላ ከሄደ ሌላ ነገር ነው። የማዘርቦርዱ ክብ ባትሪ አልቋል። ብዙ ጊዜ ሲአር2032 የሚባለው ነው። እሱ ሲያልቅ ድረገጾች "ደህንነቱ አልተረጋገጠም" ይላሉ፣ አፕትም ዝርዝሩ ገና አልጸናም ብሎ እምቢ ይላል። ስንት ሰው ኔትወርኩን ሲራገም ይውላል፤ ጥፋቱ የቀኑ ነው።

ዊንዶውስ ያለበት ክፍል ላይ ምንም መጻፍ አልቻልኩም።

ዊንዶውስ "ፋስት ስታርትአፕ" በሚባለው አሠራር ስለሚዘጋ ነው። የተዘጋ ይመስላል እንጂ ግማሹ ተኝቷል። ሊኑክስ ያንን ሲያይ እንዳያበላሸው ለንባብ ብቻ ይከፍተዋል። ዊንዶውስ ገብታችሁ ፋስት ስታርትአፕን አጥፉ። ለአሁኑ ብቻ ከሆነ ሺፍትን ይዛችሁ ሸት ዳውን አድርጉት። በግድ ክፈትልኝ የሚል ትእዛዝ ቢሰጧችሁ እለፉት።

ጭኜ ጨረስኩ፤ ዋይፋይ ግን የለም።

የዋይፋዩን ድራይቨር (ካርዱን የሚያሠራውን ፕሮግራም) ለማውረድ ኢንተርኔት ያስፈልጋል፣ ኢንተርኔት እንዲኖር ደግሞ ድራይቨሩ። መውጫው ስልካችሁ ነው። አንድሮይዱን በዩኤስቢ ገመድ ሰኩና "ዩኤስቢ ቴተሪንግ" የሚለውን አብሩ። ሊኑክስ ያለ ምንም ጭነት እንደ ገመድ ኔትወርክ ያየዋል። ከዚያ ሚንት ላይ "ድራይቨር ማኔጀር"፣ ኡቡንቱ ላይ "አዲሽናል ድራይቨርስ" ክፈቱ። ብሮድኮም የሚል ካርድ ካላችሁ ብዙ ጊዜ እዚያ ይገኛል። ጭናችሁ ሪስታርት አድርጉ። ስልኩን ስትሰኩ ሙሉው ማሻሻያ መውረድ እንዳይጀምር ተጠንቀቁ፤ የወሩን የዳታ ጥቅል በአንድ ማታ ይጨርሰዋል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን የአውሮፕላን ምልክት ያለበት ቁልፍ በስህተት ተነክቶ እንደሆነ እዩ።

ሶፍትዌር ልጭን ስል "ሎክ ማግኘት አልተቻለም" ይለኛል።

ከጀርባ ሌላ ማሻሻያ እየሄደ ነው። ሻይ ጠጥታችሁ ተመለሱ። ሎክ የሚባለውን፣ ሌላ ጭነት እንዳይጀመር የሚቆልፈውን ፋይል አጥፉት የሚሏችሁ ሰዎች አሉ፤ አትስሟቸው። ሁለት ጭነቶች አንድ ላይ ከሄዱ የጥቅሎቹ መዝገብ ይበላሻል። ጭነቱ መሃል ላይ መብራት ሄዶ ከሆነ "ሱዶ ዲፒኬጂ" ብላችሁ፣ ክፍት ቦታ፣ ሁለት ሰረዝና "ኮንፊገር"፣ ክፍት ቦታ፣ ሰረዝና "ኤ" ጨምሩ። ካቆመበት ይቀጥላል።

ዳታ ውድ ነው። ጓደኛዬ ያወረደውን ሶፍትዌር በፍላሽ መውሰድ እችላለሁ?

ትችላላችሁ። የአብዛኛው ሶፍትዌር ፈቃድ ማባዛትን ስለሚፈቅድ ማንም ሌባ አይላችሁም። ብዙ ሰው የማያውቀው እንዴት እንደሚደረግ ነው።

የወረዱት ጥቅሎች ስማቸው በ"ዴብ" ያልቃል። የሚቀመጡት ከሥሩ ተነስታችሁ "ቫር"፣ ከዚያ "ካሽ"፣ "አፕት"፣ "አርካይቭስ" በሚለው ፎልደር ውስጥ ነው። ጓደኛችሁ ከፍቶ ባዶ ሆኖ ሊያገኘው ይችላል። ምክንያቱም "አፕት" የሚለው አጭሩ ትእዛዝ ከ2016 ወዲህ ጭኖ ሲጨርስ ጥቅሉን ያጠፋዋል። የቆየው "አፕት ሰረዝ ጌት" ግን ያስቀምጠዋል። ስለዚህ የሚያወርደው ሰው በአፕት ጌት ያውርድ።

ሁለቱ ማሽኖች አንድ ዓይነት እትም መሆን አለባቸው። ኡቡንቱ 24.04 ከ24.04 ጋር። ሚንት 22 የተሠራው በ24.04 ላይ ስለሆነ አብዛኛው ጥቅል ለሁለቱም አንድ ነው።

አሁን ዋናው ነገር። ከፍላሽ ላይ ያለውን ዴብ ሁለቴ ጠቅ አድርጋችሁ አትጫኑት። እንደዚያ ሲጫን ማንም ፊርማውን አይመረምርም፤ መሃል ላይ ሰው ቢነካካውም አታውቁም። ይልቅ ጥቅሎቹን በሱዶ እናንተ ማሽን ላይ ያለው ያው አርካይቭስ ፎልደር ውስጥ ገልብጡ። ከዚያ "ሱዶ አፕት አፕዴት" በሉና ሶፍትዌሩን እንደወትሮው ጫኑ። አፕት ጥቅሉን እዚያው ያገኘዋል። መጠኑን ከተፈረመበት ዝርዝር ጋር ያመሳክረዋል። ልክ ከሆነ አያወርድም፤ ልክ ካልሆነ ይጥለዋል። የሚያየው መጠኑን ብቻ ስለሆነ ግን ጥቅሉን ከምታምኑት ሰው ብቻ ውሰዱ። ዝርዝሩን ለማደስ የሚሄደው ዳታ ከጥቅሎቹ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው።

ቢሮ ወይም የትምህርት ቤት ላብራቶሪ ካላችሁ "አፕት ካቸር ኤንጂ" የሚባለውን አንድ ማሽን ላይ ጫኑ። አንድ ጊዜ የወረደ ጥቅል ለሁሉም ይበቃል። እኔ ለማንም የላብራቶሪ ኃላፊ መጀመሪያ የምመክረው ይህንን ነው።

ፍላትፓክ በሚባለው ሌላ የሶፍትዌር መጫኛ ላይ ግን ጠንቀቅ በሉ። ትንሽዬ ፕሮግራም ስትጭኑ የሚሠራባቸው መነሻ ፋይሎች አብረው ሲመጡ በመቶዎች ሜጋባይት ሊሄድ ይችላል። ያው ፕሮግራም በአፕት ካለ በአፕት ውሰዱት።

አማርኛ እንዴት ልጻፍ? የድሮ ሰነዶቼስ ለምን ዝብርቅርቅ ይላሉ?

ለመጻፍ "አይባስ ኤም17ኤን" የሚባለውን ጥቅል ጫኑ፣ ወጥታችሁ ግቡ፣ ከዚያ ኪቦርድ ምርጫ ውስጥ አማርኛ "ሴራ" የሚለውን ጨምሩ። በላቲን ኪቦርድ እንደሚነበበው ስትጽፉ ፊደሉ ይወጣል። ኡቡንቱ ላይ ቋንቋ የሚቀያይረው የዊንዶውስ ምልክት ያለበት ቁልፍ ከስፔስ ጋር ነው።

ሰነዱ ባዶ ሳጥኖች ካሳየ ፎንት ስለሌለ ነው። አቢሲኒካን ወይም ኖቶ ኢትዮፒክን ጫኑ። ኒያላ የማይክሮሶፍት ስለሆነ ከሊኑክስ ጋር አይመጣም። በኒያላ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላ ፎንት ሲከፈት ይነበባል፣ ግን መስመሩና ገጹ ይዛወራል። ማኅተም የሚያርፍበት ደብዳቤ ከሆነ ፒዲኤፍ አድርገው ይላኩላችሁ።

ሰነዱ ግን የላቲን ፊደልና ምልክት ድብልቅ ካሳየ፣ ከዩኒኮድ (ለየፊደሉ የራሱን ቁጥር ከሚሰጠው ዓለም አቀፍ ሥርዓት) በፊት በነበረው መንገድ የተጻፈ ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው፤ እንደ ፈረንጅ። ከዚያ በፊት፣ ቢሮዎች ውስጥም ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመት፣ እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ያሉ ፎንቶች "ሀ"ን በአንድ የላቲን ፊደል ቦታ ላይ ነበር የሚያስቀምጡት። ፎንቱ ከሌለ የሚቀረው ላቲኑ ብቻ ነው። ለማንበብ ያንኑ ፎንት ከሰነዱ ባለቤት ተቀብላችሁ ጫኑ። ሰነዱ የሚቆይ ከሆነ ግን ወደ ዩኒኮድ አስቀይሩት። ሊኑክስን የሚወቅሱ አሉ፤ ፎንቱ የሌለው ዊንዶውስም ያንኑ ነው የሚያሳየው።

ፍላሼ ውስጥ ያለው ሁሉ ሾርትከት ሆነ። ሊኑክስ ያድነዋል?

ብዙ ጊዜ፣ አዎ። ሰፈር ካለ ፎቶ ኮፒ ቤት ፍላሽ ይዞ የተመለሰ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ይህ የዊንዶውስ ቫይረስ ፋይሎቹን አያጠፋም፤ ይደብቃቸውና በቦታቸው ሐሰተኛ ሾርትከት ያስቀምጣል። አንዳንዱ ስም የሌለው የሚመስል ፎልደር ውስጥ ይከታቸዋል። ሊኑክስ ያንን የመደበቂያ ምልክት ከቁም ነገር ስለማይቆጥረው ፋይሎቹ ፊት ለፊት ይታያሉ። የራሳችሁን ፋይል ኮፒ አድርጉ፣ ስማቸው በ"ኤልኤንኬ" የሚያልቁትን ሾርትከቶችና የማታውቋቸውን ተዉአቸው፣ ከዚያ ፍላሹን ፎርማት አድርጉ። እዚህ ላይ ፎርማት ተፈቅዷል።

ሊኑክሱ ካለው ሰው ጎረቤቶቹ ይህንን አገልግሎት መጠየቅ ሲጀምሩ አይቆሙም፤ ተዘጋጁ።

ፕሪንተርስ?

ኤችፒ ከሆነ "ኤችፒሊፕ" አብዛኛውን ይሸፍናል። እንደ ሌዘርጄት ፒ1102 ያሉት ግን ተጨማሪ ፕለጊን ካልወረደላቸው ዝም ይላሉ። "ኤችፒ ሰረዝ ፕለጊን" የሚለው ትእዛዝ ያወርደዋል። የካነን ትንንሽ ሌዘሮች የካነንን የራሱን የሊኑክስ ድራይቨር ይፈልጋሉ፣ እሱም አንዳንዴ ትዕግሥት ያስጨርሳል። ገና ልትገዙ ከሆነ ሞዴሉን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ድምፅ ጠፋ፤ "ደሚ አውትፑት" ይላል።

ሥርዓቱ የድምፅ ካርዱን አላየውም ማለት ነው። መጀመሪያ ሙሉ በሙሉ አጥፍታችሁ አብሩት። ከርነል ከተቀየረ በኋላ የመጣ ከሆነ በቆየው ከርነል ግቡና አወዳድሩ። ካርዱ ከታየ ግን ድምፅ ከሌለ፣ ድምፁ ወደ ኤችዲኤምአይ እየሄደ እንደሆነ ሴቲንግ ውስጥ እዩ። ብዙው እዚያ ያልቃል።

ሃንግ ሲያደርግ ፓወሩን ይዤ ነው የማጠፋው። ሌላ መንገድ አለ?

አለ። አልትን ከፕሪንት ስክሪን ጋር ይዛችሁ "ኤስ"፣ ከዚያ "ዩ"፣ ከዚያ "ቢ" ተጫኑ፣ በመሃል ጥቂት ሰከንድ እየጠበቃችሁ። አንዳንድ ላፕቶፕ ላይ ኤፍኤን ይጨመርበታል። የመጀመሪያው ያልተጻፈውን ወደ ዲስክ ይጽፋል፣ ሁለተኛው ዲስኩን ለንባብ ብቻ ያደርጋል፣ ሦስተኛው ያስነሳዋል። ኡቡንቱ እነዚህን ሦስቱን ሳትነኩት ይፈቅዳል። ያልተቀመጠ ጽሑፋችሁ ይሄዳል፤ ዲስኩ ግን ደህና ይሆናል።

ግሩፕ ላይ እርዳታ ስጠይቅ ማንም አይመልስልኝም።

"ሊኑክሴ አይሠራም፣ እባካችሁ ድረሱልኝ" ብላችሁ ከሆነ ማንም ምን እንደሚል አያውቅም። ሰዎቹ ጨካኝ ሆነው አይደለም።

የትኛው እትም እንደሆነ ጻፉ። የላፕቶፑን ሞዴል ጻፉ። ከዚያ በጣም የሚረሳውን፦ ችግሩ ከመምጣቱ በፊት ምን አድርጋችሁ ነበር? ማሻሻያ? አዲስ ፕሮግራም? መብራት መጥፋት? ግማሹ መልስ እዚህ ውስጥ ነው። የስህተቱን መልእክት ደግሞ ቃል በቃል ኮፒ አድርጉ። "የሆነ ኤረር ይላል" አይበቃም። ስክሪኑን በስልክ ያነሳችሁትን የተንሻፈፈ ፎቶ ማሽኑ ጨርሶ ለማይነሳበት ጊዜ አስቀምጡት፤ ከፎቶ ላይ ኮፒ አድርጎ መፈለግ አይመችም።

ሃርድዌሩን ለማሳየት "ኢንክሲ"፣ ክፍት ቦታ፣ ሰረዝ፣ ትልቁ "ኤፍ"፣ ትንሹ "ዜድ"። ዜዱ አድራሻዎቻችሁንና መለያ ቁጥሮችን ይደብቃል፤ አትርሱት። ማሽኑ ትናንት ለምን እንደወደቀ ለማየት "ጆርናልሲቲኤል"፣ ሰረዝ "ቢ"፣ ሰረዝ 1፣ ሰረዝ "ፒ"፣ "ኢአርአር"፤ በየመሃሉ ክፍት ቦታ። ካለፈው መነሳት ላይ ስህተቶቹን ብቻ ያወጣል።

ከዚያ ጠብቁ። የሚመልስላችሁ ሰው ሪያድ ሥራ ላይ፣ ወይም ሲያትል እንቅልፍ ላይ ሊሆን ይችላል። ያንኑ ጥያቄ ሦስት ግሩፕ ላይ በአንዴ መለጠፍ ሦስት ሰው አንድ ሥራ እንዲሠራ ማድረግ ነው። ሲስተካከል ደግሞ በምን እንደተስተካከለ ጻፉ። "ሰራልኝ እናመሰግናለን" ብሎ መጥፋት ጨዋነት ነው፣ ግን ከስድስት ወር በኋላ ያው ችግር ለሚደርስበት ሰው አይጠቅመውም።

የማላውቀው ሰው ትእዛዝ ላከልኝ። ልሞክረው?

ምን እንደሚሠራ ጠይቁት። ማስረዳት ካልቻለ ወይም ከተቆጣ ተዉት። "አርኤም" ከ"አርኤፍ" ጋር ካለ ያለ ጥያቄ ያጠፋል ማለት ነው፤ ምን እንደሚያጠፋ እስክታውቁ እጃችሁን ሰብስቡ። "ዲዲ" ዲስክን ከላዩ ይጽፋል። "ሲኤችሞድ 777" በሥሩ ላይ ከተሰጠ የፈቃድ ሥርዓቱን ያፈርሰዋል፣ መልሶ ማስተካከሉም ከባድ ነው። ከኢንተርኔት አውርዶ ቀጥታ ለሱዶ ባሽ የሚሰጥ መስመርም ተጠንቀቁት። ላግዝህ ብሎ ኤኒዴስክን (ማሽናችሁን ከሩቅ እንዲቆጣጠር የሚያስችል ፕሮግራም) ክፈትልኝ የሚል የማታውቁት ሰው ከሆነ መልሱ አይሆንም ነው።

ሁለት ሰዎች ተቃራኒ መልስ ሰጡኝ። የቱን ልከተል?

ምንም የማይቀይረውን፣ አሳይቶ ብቻ የሚያበቃውን አስቀድሙ። ቀጥሎ መመለስ የሚቻለውን። ቅንብር ፋይል ከመነካቱ በፊት ኮፒውን አስቀምጡ። አንድ በአንድ ሞክሩ፤ ሦስት ነገር በአንዴ ቀይራችሁ ከሠራ የቱ እንዳሠራው አታውቁም። አንደኛው ሰው ሳይጠይቃችሁ መልስ ሰጥቶ ሌላኛው መጀመሪያ ሁለት ጥያቄ ከጠየቃችሁ፣ እኔ ብሆን የጠያቂውን እከተላለሁ።